ቅዳሜና እሑድ በሮማ ከተማ

አንባቢ ሆይ፤ መሥሪያ ቤትዎ ለአጭር ኮርስ ወደ ሮማ ልኮዎታል እንበል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በዚያች ከተማ ስለሚገኝ፥ ለስብሰባና ለትምህርት ወደዚያ የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ አይታጣም። ወይም ደግሞ በሌላ የአውሮፓ ከተማ የሚማሩ ተማሪ ነዎትና በዓርብ ማታው ባቡር መጥተዋል። ያም ሆነ ይህ በእጅዎ ያሉት ሁለት ቀኖች ብቻ ናቸው፤ በኪስዎ ያለውም ከውሎ አበል የተረፈ ጥቂት ዩሮ ነው።

በሁለት ቀን ሮማን አይቶ የጨረሰ ሰው የለም። ሁሉን ላይ ብሎ የሚሮጥ መንገደኛ ሰኞ ጧት የሚቀረው የእግር ሕመምና የተደባለቀ ትዝታ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መርጠው እሱን እየተከተሉ ቢሄዱ ይሻላል። እኔ የመረጥሁልዎ ሐውልትን ነው። ከአንድ ድንጋይ ተጠርበው የቆሙ ረጃጅም ጥንታውያን ሐውልቶች በሮማ አደባባዮች ላይ 13 ይገኛሉ።  ከ13ቱ ውስጥ 8ቱ ከጥንታዊት ግብጽ የመጡ ናቸው፤ 5ቱ በሮማውያን ዘመን የግብጾቹን አምሳል ይዘው የተሠሩ ናቸው።

ሌላም አንድ ነበረ፤ ከግብጽ ሳይሆን ከእኛው አገር የተወሰደ። እሱ ዛሬ በሮማ የለም። ቆሞበት የነበረውን ስፍራ እሑድ ማታ አብረን ሄደን እናየዋለን። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቅዳሜ ጧት፤ ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ

ከሁሉ አስቀድሞ የለመዱትን ጫማ ያድርጉ። የሮማ መንገድ አሮጌው ሁሉ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ስለ ሆነ አዲስ ጫማን አይምርም። ለውሃ ገንዘብ አያውጡ፤ በየመንገዱ ዳር ቀንና ሌሊት የሚፈሱ ትናንሽ የብረት ቧንቧዎች ከሁለት ሺህ በላይ አሉ፤ ውሃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው፥ ዋጋም የለውም። ቋንቋ አላውቅም ብለውም አይፍሩ። ጎማ፥ ካንዴላ፥ ፖስታ፥ ፋብሪካ፥ ፓስታ እያሉ ያደጉ ሰው በሮማ ፈጽሞ እንግዳ አይደሉም። «ፒያሳ» ሲባል ግን አንድ ሰፈር እንዳይመስልዎ፤ በዚያ አገር አደባባይ ሁሉ ፒያሳ ነው። ማኪያቶም ቢያዙ የሚመጣልዎ በትንሽ ስኒ ያለች፥ ወተት ጠብ ያለባት ቡና ናት። ቆመው ቢጠጧት ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ወንበር ስበው ከተቀመጡ ግን ሒሳቡ ብዙ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

ጉዞአችንን የምንጀምረው ከትልቁ የቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነው። ከፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው ብለው ቢጠይቁ መልሱ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣልዎታል። በጃንዋሪ 26 ቀን 1887 በምፅዋ አቅራቢያ በዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ድል ያደረጓቸው የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ጥቂት እልፍ ብሎ ካለው ትንሽ የአትክልት ስፍራ ሲደርሱ የግብጹ ፈርዖን የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ቆሞ ያገኛሉ። በ1883 ከከተማው መካከል ተቆፍሮ የወጣ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ለዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ ሆኖ ተተከለ። እንግዲህ ይመልከቱ፤ ድንጋዩ የግብጽ ነው፥ ሙታኑ የኢጣልያ ናቸው፥ ጦርነቱ የተደረገው በእኛ ምድር ነው።

በዚሁ ሐውልት ሥር አንድ ሌላ ነገር ሆኗል። በአዲስ አበባ በባቡር ጣቢያ ፊት ቆሞ የነበረው የይሁዳ አንበሳ ምስል በወረራው ዘመን ተነቅሎ ወደ ሮማ ተወስዶ ከዚህ ተተክሎ ነበር። በጁን 1938 ዘርዓይ ደረስ የተባለ የኤርትራ ተወላጅ ወጣት አንበሳውን ባየ ጊዜ ቆሞ ጸለየ፤ ሊከለክሉት በመጡ ጊዜም ሰይፉን መዘዘ። በአገራችን የሚነገረው ታሪክ ብዙ ሰው ገደለ ይላል፤ የኢጣልያ መዛግብት የሚናገሩት ግን ስለ ቆሰሉ ሰዎች ነው። ዘርዓይ ራሱ ቆስሎ ተያዘ፤ ከዚያም በሲሲሊ ደሴት ታስሮ ሲኖር በ1945 ሞተ። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ ለገሃር ተመለሰ። በሮማ ያለው የአትክልት ስፍራ ዛሬ ጸጥ ያለ ነው፤ መንገደኞች ባቡር እስኪደርስላቸው ቁጭ ብለው ዳቦ ይበሉበታል። እርስዎ ግን አንድ ጊዜ ቆም ይበሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት፤ ንጉሥ ኡምቤርቶና የተሸፈነው ዓባይ

ከዚያ ቁልቁል በእግር ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ቢሄዱ የትሬቪ ምንጭ ይደርሳሉ። ምንጩ አሁን ያለውን መልክ ይዞ የተፈጸመው በ1762 ነው፤ ውሃውን የሚያመጣው መስመር ግን ከክርስቶስ ልደት 19 ዓመት በፊት የተሠራ ነው። ሕዝቡ ፊቱን አዙሮ ሳንቲም ወደ ውሃው ይወረውራል፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ወደ ሮማ ይመለሳል ይባላል። ሳንቲሙ ተለቅሞ ለድኾች መርጃ ስለሚሰጥ ቢወረውሩም አይቆጭዎ።

ጥቂት እንደ ተራመዱ ፓንቴዎን ይታያል። ይህ ቤት በንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ ዘመን በ126 ዓ.ም. ገደማ ተሠርቶ ሳይፈርስ ዛሬ የደረሰ ነው። የክቡ ጉልላት ስፋት 43 ሜትር ያህል ነው፤ ብረት ያልገባበት የሲሚንቶ ጉልላት በስፋት ይህን የሚያህል እስከ ዛሬ በዓለም አልተሠራም። ከጉልላቱ አናት ዘጠኝ ሜትር ያህል የሚሆን ክፍት ቀዳዳ አለ፤ ፀሐይ ትገባበታለች፥ ዝናብም ይዘንብበታል። ዝናቡ ወለሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ ይወርዳል። በበሩ ፊት ያሉትን 16 ዓምዶች በእጅዎ ዳሰስ ያድርጓቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ወጥ ድንጋይ ናቸው፤ ከግብጽ ተራሮች ተፈልፍለው፥ በዓባይ ላይ ወርደው፥ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው።

ወደ ውስጥ ከገቡ የሠዓሊውን የራፋኤልን መቃብር ሁሉም ሰው ያሳይዎታል። እርስዎ ግን የኢጣልያን ነገሥታት መቃብሮች ደግሞ ይፈልጉ። ከነዚህ አንዱ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው። የውጫሌ ውል በ1889 ሲጻፍ፥ የዓድዋም ጦርነት በ1896 ሲደረግ በኢጣልያ ዙፋን ላይ የነበረው እሱ ነው። ከዓድዋ አራት ዓመት በኋላ በሰው እጅ ተገደለ። በትምህርት ቤት ስሙን በታሪክ ደብተራችን የጻፍነው ሰው እዚህ በድንጋይ ሥር ተኝቶ ሲያዩት፥ ታሪክ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አለመሆኑ ይገባዎታል።

ከፓንቴዎን ጀርባ በኩል ሲዞሩ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ በ1667 የተሠራ የእብነ በረድ ዝሆን ትንሽ የግብጽ ሐውልት በጀርባው ተሸክሞ ቆሟል። ሐሳቡ የበርኒኒ ነው። የዚሁ የበርኒኒ ትልቁ ሥራ ግን በናቮና አደባባይ ያለው የአራቱ ወንዞች ምንጭ ነው፤ የተፈጸመው በ1651 ነው። ከላይ ሐውልት ቆሟል፤ ከሥሩ የአራት ክፍለ ዓለም ወንዞች በሰው አምሳል ተቀርጸው ተቀምጠዋል፤ ዳንዩብ፥ ጋንጅስ፥ የደቡብ አሜሪካው ላ ፕላታና ዓባይ። የዓባይን ምስል የሚያውቁት ራሱ በጨርቅ የተሸፈነ በመሆኑ ነው። የተሸፈነበትም ምክንያት ምንጩ አይታወቅም ስለ ተባለ ነው።

ይህን ሲያዩ ፈገግ ቢሉ አይፈረድብዎትም። ምስሉ ከመቀረጹ ሠላሳ ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በ1618፥ ጴድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ መነኩሴ በጎጃም የዓባይን ምንጭ በዓይኑ አይቶ ጽፎ ነበር። ፓኤዝን ደግሞ ወደ ምንጩ የመራው የአገሩ ሰው ነው፤ የግሽ ዓባይ ገበሬ ከብቶቹን በዚያ ሲያጠጣ ኖሯል። እንግዲህ «አልታወቀም» የሚባል ቃል በመጽሐፍ ሲያጋጥምዎ፥ «ለማን ነው ያልታወቀው?» ብሎ መጠየቅ ደግ መሆኑን ከዚህ ምንጭ አጠገብ ይማሩ። ከዚያ ዳቦዎን ገዝተው በአደባባዩ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ያርፉ፤ የቅዳሜው ሥራ በቃ።

እሑድ ጧት፤ ከጉልላቱ ጀርባ ያለችው ቤተ ክርስቲያን

እሑድ ማልደው ይነሡና ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ይሂዱ። ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ዋጋ አይጠየቅም፤ ነገር ግን የፍተሻው ሰልፍ ይረዝማልና የሚቀድም ሰው ይጠቀማል። ትከሻና ጉልበት የተሸፈነ መሆን አለበት። ሙዚየሙ ከወሩ መጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ እሑድ ስለሚዘጋ እሱን ለሌላ ጊዜ ይተዉት።

ከአደባባዩ መካከል የቆመው ሐውልት ከመሠረቱ በላይ 25 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከግብጽ ያመጣው ቄሣር ካሊጉላ ነው። ጥንታዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚተርከው መርከቡ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የተጫነበት ምስር ነበር። በ1586 ሊቀ ጳጳሳቱ ሲክስቶስ 5ኛ ሐውልቱን ዛሬ ወደ ቆመበት ስፍራ አዛወሩት። ሥራውን የመራው መሐንዲሱ ዶሜኒኮ ፎንታና ነው፤ 900 ያህል ሰዎችና ብዙ ፈረሶች ገመዱን ሳቡ። ሲነገር የኖረው አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል፤ ሥራው ሲካሄድ ድምፅ ያሰማ በሞት ይቀጣል ተብሎ ታውጆ ሳለ ገመዶቹ ግለው ሊበጠሱ ሆነ፤ አንድ መርከበኛ አላስችለው ብሎ ገመዱን ውሃ አጠጡት ብሎ ጮኸ፤ ምክሩ ሐውልቱን አዳነ፥ እሱም በቅጣት ፈንታ ተሸለመ። እውነት ይሁን ተረት፥ አለቃው ዝም በሉ ባለበት ሰዓት የሚያውቁትን መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጉልበት ካለዎት ወደ ጉልላቱ ይውጡ፤ ደረጃው 551 ነው። ከላይ ሆነው ወደ ፊት ሲመለከቱ ሮማ በሙሉ ከእግርዎ ሥር ናት። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይወርዳል። እርስዎ ግን ወደ ኋላ ዞረው የቫቲካንን የአትክልት ስፍራ ይመልከቱ። እዚያ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ይገኛል። ከትልቁ ሕንፃ ጀርባ ተጠግታ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ስሟ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» ይባላል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከኢየሩሳሌም ተሻግረው ለሚመጡት ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆና ተሰጠች። በቫቲካን ግዛት ውስጥ ቆመው ከሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የቆየችው እሷ ናት። ያለ ፈቃድ ወደዚያ ስለማይታለፍ፥ ለመግባት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡበት ፊደል ከዚህች ትንሽ ቤት ጋራ ታሪክ አለው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ሰው በዚያ ከነበሩት መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮማ አሳተመ። ፊደላችን በማተሚያ መኪና ላይ የዋለበት የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ፤ አታሚዎቹ ቋንቋውን ስለማያውቁ ለገባው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ለምነዋል። በ1649 ደግሞ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ከመካነ ሥላሴው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ በሮማ ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ ያስተማሩትን ይዞ ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ።

ቄሣሮቹ ድንጋይ ለማምጣት ብዙ መርከብና ሺህ እጅ ያስፈልጋቸው ነበር። እነዚህ መነኮሳት የመጡት በትርና ዳዊት ይዘው ነው፤ ትተውት የሄዱት ነገር ግን ከብዙ ሐውልት ይበልጣል።

እሑድ ከሰዓት፤ የምርኮ ከተማ

እኩለ ቀን ላይ ጳጳሱ በከተማው ካሉ ከመስኮት ሆነው ሕዝቡን ይባርካሉ፤ ይህን አይተው በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ኮሎሲየም ይሂዱ። የመግቢያው ቲኬት በሰዓት የተወሰነ ስለ ሆነ አስቀድመው በስልክዎ ይግዙት። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነጻ ነው፤ ሰልፉ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ኮሎሲየምን ያስጀመረው ቬስፓስያኖስ ነው፤ ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. መረቀው። ሃምሳ ሺህ ያህል ተመልካች ይይዝ እንደ ነበር ይገመታል። ገንዘቡ ከየት መጣ ቢሉ ጥቂት ተራምደው የቲቶን የድል ቅስት ይመልከቱ። በቅስቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሮማ ወታደሮች በ70 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የማረኩትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። ኮሎሲየም የተሠራው በዚያ ጦርነት ምርኮ ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ ሮማውያኑ ራሳቸው የኮሎሲየምን ድንጋይ እየናዱ ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ አዋሉት። ዛሬ ከጎኑ ተገምሶ የሚታየው በምድር መናወጥና በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ፍርስራሽ መካከል ቁጭ ብለው ሁለቱን ቀን ያዩትን ያስቡ። ፈርዖን ሐውልቱን ሲያቆም ስሙን ጻፈበት። ቄሣር ወሰደውና የእሱን ስም ከሥሩ ጻፈ። ጳጳሱ ከወደቀበት አነሣውና ከላዩ መስቀል ተከለ። እያንዳንዱ ጌታ ለዘላለም የቆመ መስሎት ነበር።

እሑድ ማታ፤ ባዶው ስፍራ

አሁን የቆስጠንጢኖስን ቅስት በስተቀኝ ትተው በዛፎች ጥላ ሥር ቁልቁል ይሂዱ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ከፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳሉ። በስተቀኝዎ የጥንቱ የፈረስ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ተዘርግቷል። ፊት ለፊት የምግብና የእርሻ ድርጅት ትልቅ ሕንፃ ይታያል፤ መጀመሪያ የተወጠነው «የኢጣልያ አፍሪቃ ሚኒስቴር» እንዲሆን ነበር። በ1951 ግን ድርጅቱ ገባበት።

የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነው። 24 ሜትር ያህል የሚረዝም፥ ከ150 ቶን በላይ የሚመዝን፥ በርና መስኮት እንደ ፎቅ ቤት የተቀረጸበት የአክሱም ነገሥታት ሥራ ነው። ወድቆና ተሰብሮ ከነበረበት ከአክሱም ተነሥቶ በሙሶሊኒ ትእዛዝ መጣና በ1937 በዚህ አደባባይ ቆመ። እንደ ቄሣሮቹ መሆኑ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ፋይል የሚያውቅ ሰው በደንብ ይረዳዋል። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ ኢጣልያ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የኪነ ጥበብ ሥራ፥ የሃይማኖት ዕቃ፥ መዝገብና ታሪካዊ ዕቃ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተገደደች። 18 ወሩ አለፈ። ዓመት አለፈ፤ አሥር ዓመትም አለፈ። ደብዳቤ ይጻፋል፥ መልስ ይዘገያል፤ ወጪው ይበዛል ይባላል፥ መንገድ የለም ይባላል፥ ድንጋዩ ጉዞ አይችልም ይባላል። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ጉዳዩን የጀመሩት ጸሐፊዎች ጡረታ ወጡ፥ ሞቱም። ነገር ግን ፋይሉን የዘጋው ሰው አልነበረም። እንደ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ያሉ ሊቃውንትና ብዙ ኢትዮጵያውያን ፊርማ እያሰባሰቡ ጠየቁ፥ ወተወቱ። በ1997 ስምምነት ተደረገ። በ2002 መብረቅ ሐውልቱን መታው፤ አንዳንዱ ይህን ምልክት ነው አለ። በ2003 ሐውልቱ ከስፍራው ወረደ። በኤፕሪል 2005 በሦስት ተከፍሎ፥ በትልቅ የጭነት አይሮፕላን በሦስት ጉዞ አክሱም ገባ። በ2008 በአገሩ ምድር ቆሞ ተመረቀ።

18 ወር የተባለው 58 ዓመት ሆነ። ይሁን እንጂ ሆነ። በ1935 በአዲስ አበባ የተሠራችውና በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ የተወሰደችው «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላንም በ2024 ለኢትዮጵያ ተመልሳ ተሰጥታለች።

ከአደባባዩ ላይ ብዙ የሚታይ ነገር የለም። መኪና ይተላለፋል፥ ሣር በቅሏል፥ ወጣቶች በሜዳው ይሮጣሉ። ለማስታወሻ ፎቶግራፍ ቢያነሡ ጓደኞችዎ «ይህ ምንድር ነው?» ብለው ይጠይቅዎታል። በሮማ ካየሁት ሁሉ ግን እኔን ረጅም ጊዜ ያቆመኝ ይህ ባዶ ስፍራ ነው። ከሐውልቶቹ በአንዳንዶቹ ሥር የወሰዱት ሰዎች ስም ተጽፏል። በዚህ ስፍራ የማንም ስም የለም፤ ምክንያቱም ሐውልቱን የመለሰው አንድ ጀግና ሳይሆን፥ ደብዳቤውን ያረቀቀው፥ ቅጂውን ያስቀመጠው፥ የውሉን አንቀጽ ፈልጎ ያገኘው፥ አለቃው ሲሰለች እሱ ያልሰለቸው ብዙ ሰው ነው።

ሰኞ አይሮፕላንዎ ይነሣል፤ ማክሰኞ ከጠረጴዛዎ ይመለሳሉ። በጠረጴዛው ላይ ከእርስዎ በፊት በነበረው ጸሐፊ ዘመን የተከፈተ፥ አቧራ የጠጣ ፋይል ይጠብቅዎት ይሆናል። «ይህ እንኳ አይሆንም» ብለው ወደ መደርደሪያው ከመመለስዎ በፊት ያን ባዶ አደባባይ ያስታውሱት።